የአዲስ አበባ ዙሪያ ተራሮች መመሪያ መጽሐፍ እንዳያረጅ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር አንድ አነስተኛ የመንገደኞች መመሪያ መጽሐፍ አዘጋጃለሁ። መጽሐፉ በእንጦጦ፣ በወጨጫ፣ በፉሪ፣ በየረርና በዝቋላ የሚወጡ የእግር መንገዶችን ይዟል። የምንኖረው ቡራዩ ጫፍ ላይ ነው፤ ሰማዩ ጠርቶ ባደረ ጠዋት ወጨጫ ከደጃችን ይታያል። መጽሐፉን የገዙ ሰዎች፣ አስጎብኚዎች፣ የየአካባቢያቸውን መመሪያ ለመጻፍ የተነሡ ወጣቶችም ደጋግመው የሚጠይቁንን ከነመልሱ እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

ተራራ ከቦታው አይነቃነቅም። መጽሐፉ ለምን በየጊዜው ይታደሳል?

ተራራው ባለበት አለ፤ የሚለዋወጠው እግሩ ሥር ያለው ነው። ድሮ ወደ እንጦጦ የሚወጣ ሰው ከሽሮ ሜዳ ተነሥቶ ወይ አስፋልቱን ይዞ፣ ወይ በባሕር ዛፉ መካከል አቋርጦ ሽቅብ ይል ነበር። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ እንጦጦ ፓርክ ሲከፈት በርና አጥር፣ የብስክሌት መንገድና የመኪና ማቆሚያ አብረው መጡ፤ እኛም ስለ እንጦጦ የጻፍነውን ምዕራፍ ከሥሩ እንደገና መጻፍ ነበረብን። ቀጥሎ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታና ለገጣፎ ለገዳዲ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለሉ። «ከተማ አስተዳደሩን ጠይቁ» ብለን የጻፍንባቸው መስመሮች ሁሉ በአንድ ውሳኔ መታረም ግድ ሆነባቸው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የኮሪደር ልማቱ የከተማውን መንገዶች ሲያድስ የታክሲ መነሻዎች ተዛወሩ፤ በፒያሳ ለመነሻ ምልክትነት የመረጥነው ካፌ ዛሬ ቦታው ላይ የለም።

ስለ ጋራው ራሱ የጻፍነው ብዙ ዓመት ይቆያል። ወደ ጋራው ስለሚያደርሰው ነገር የጻፍነው ግን አንዳንዴ ቀለሙ ሳይደርቅ ያረጃል።

አንድ የቆየ ዐረፍተ ነገር ያን ያህል ይጎዳል?

ይጎዳል። ይህን ያወቅሁት በራሳችን ጥፋት ስለሆነ ሳልሸፋፍን እነግራችኋለሁ።

በቀድሞ እትማችን የወጨጫን አንድ መውጫ ስንገልጽ «ረጃጅሞቹ ባሕር ዛፎች ዘንድ ስትደርሱ ወደ ግራ ታጠፉ» ብለን ጽፈን ነበር። ስንጽፈው እውነት ነበር። ባሕር ዛፍ ግን በእኛ አገር ሰብል ነው፤ ገበሬው ለአጣናና ለማገዶ ይቆርጠዋል፣ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተመልሶ ይቆረጣል። መጽሐፋችን ገበያ ላይ እያለ ያ የባሕር ዛፍ ማሳ ተቆረጠ። ከቁልቁለቱ ማዶ ያለ ሌላ ባሕር ዛፍ ደግሞ በዚያው ጊዜ አድጎ ረዘመ። መጽሐፉን የያዙ ስድስት ተማሪዎች የታዘዙትን አደረጉ፤ ረጃጅሞቹ ባሕር ዛፎች ዘንድ ሲደርሱ ወደ ግራ ታጠፉ። ከሰዓት በኋላ ጉም ወረደ። እስኪመሽ ድረስ ገደል ለገደል ሲዞሩ ቆይተው ከብቶቹን የሚመልስ አንድ እረኛ ልጅ አግኝቷቸው ይዟቸው ወረደ። ማንም አልተጎዳም። ከመካከላቸው አንዷ በኋላ አግኝታኝ «ጋሼ፣ እኛ እኮ መጽሐፉን አምነን ነው» አለችኝ። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም።

ከዚያ ወዲህ ለመንገድ ምልክት የምንመርጠው ከመጽሐፉ ዕድሜ በላይ የሚቆይ ነገር ብቻ ነው። ቤተ ክርስቲያን፣ የድንጋይ ድልድይ፣ የሁለት ጅረቶች መገናኛ፣ የገፈርሳ ግድብ፣ ከአፈር ጋር የተዋሐደ ትልቅ ቋጥኝ። ከዛፍ ወገን የምናምነው ዕድሜ ጠገቡን ጽድ ነው። በወጨጫ ወገብ ላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን በ15ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን እንደተተከለና ዘሩም ከወፍ ዋሻ እንደመጣ ይነገራል፤ እዚያ ካሉት ጽዶች አንዳንዶቹ አራት መቶ ዓመት እንዳለፋቸው ይገመታል። እንዲህ ያለውን ጽድ ምልክት ያደረገ ሰው ቶሎ አያፍርም።

መንገዱን የምትፈትሹት መቼ መቼ ነው?

በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በግንቦትና በታኅሣሥ። ምክንያቱን ዘርዘር አድርጌ ላስረዳ፤ አዲስ መመሪያ የሚጽፉ ሰዎች ሲሳሳቱ ብዙ ጊዜ ያየሁት እዚህ ላይ ነውና።

የከተማ ሰው ተራራ ለመውጣት ጊዜ የሚያገኘው በጥርና በየካቲት ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ መሬቱ ደረቅ ነው፤ እህሉ ታጭዶ ተወቅቷል፤ ከብት በየማሳው ቃርሚያ ይለቅማል። ሰውም በማሳው መካከል እንደ ልቡ ያልፋል። ጸሐፊው የሄደበትን በስልኩ መዝግቦ ካርታው ላይ ያሰፍረውና «መንገድ» ይለዋል። እውነቱን ለመናገር ግን መንገድ አይደለም፤ የገበሬ እርሻ ነው። ያው መሬት በሐምሌ ይታረሳል፣ ይዘራል፣ በመስከረም እህሉ ከጉልበት በላይ ይሆናል። መጽሐፍ ይዞ በመስከረም የመጣ እንግዳ ካርታውን ሲከተል የሰው ጤፍ ረግጦ ያልፋል። ከዚያ በኋላ ገበሬውና እንግዳው በምን ዓይነት ሁኔታ እንደሚገናኙ መገመት አያዳግትም፤ ጥፋቱም የእንግዳው ሳይሆን የጸሐፊው ነው።

ስለዚህ መጽሐፋችን የበጋ መንገድና የክረምት መንገድ ለይቶ ይጽፋል። የበጋው አቋራጭ ነው። የክረምቱ በማሳዎች ድንበር፣ በከብት መውጫ ወይም በጠጠር መንገድ የሚዞር ነው፤ ይረዝማል፣ ግን የማንንም ሰብል አይነካም። ክረምት ሌላም ጣጣ አለው። በሱሉልታ ሜዳና በየረር ግርጌ ያለው ዋልካ አፈር ሲረጥብ ጫማ ይዞ ያስቀራል፤ በበጋ አንድ ሰዓት የሚወስደው ሜዳ በነሐሴ ግማሽ ቀን ይበላል። በበጋ በእርምጃ የምትሻገሩት ጅረት ከላይ ሲዘንብ በአፍታ ይሞላል፤ እናንተ ያላችሁበት ቦታ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ሊሞላ ይችላል።

በግንቦት የምንሄደው ዝናቡ ሳይጠና የክረምቱን መንገድ ለማየት ነው፤ በታኅሣሥ የምንሄደው ደግሞ ጎርፉ ምን እንደናደና ምን እንደቆረጠ ለማየት ነው። ከእያንዳንዱ መንገድ ግርጌ መጨረሻ የሄድንበትን ወርና ዓመት እናትማለን። ገዢው ለሽፋኑ ዓመት ብዙም እንዳይጨነቅ፣ ይልቁን ይህችን መስመር እንዲያነብ እለምናለሁ።

ዋጋ ለምን አትጽፉም?

በመጀመሪያው እትም ጽፈን ነበር፤ የታክሲውንም፣ የመግቢያውንም፣ የምሳውንም። መጽሐፉ ውስጥ ቀድሞ የሞተው ገጽ እሱ ነበር። የነዳጅ ዋጋ ሲከለስ ታሪፉ ይከለሳል፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ የትናንት ዋጋ ለነገ ግምት እንኳ የሚሆን አይደለም። አሁን የምንጽፈው ዋጋውን ሳይሆን የዋጋውን ዓይነት ነው፦ ስንት ጊዜ ታክሲ እንደሚቀየር፣ የመጨረሻው ጉዞ በባጃጅ ይሁን በእግር፣ መግቢያ የሚጠየቅበት በር የቱ ጋ እንደሆነ፣ ደረሰኝ መቀበል እንደሚያስፈልግ። ዝርዝር ብር መያዝ እንደሚበጅም እንጨምራለን። ይህ ምክር ለረጅም ጊዜ ያገለግላል።

ሰዓቱና ዓመተ ምሕረቱ በየትኛው አቆጣጠር ነው?

በእኛው። ነገር ግን መጽሐፉን የሚይዘው ሁልጊዜ የአገር ሰው ስላልሆነ፣ ሰዓት በተጠቀሰ ቁጥር «ጠዋት»፣ «ከሰዓት» ወይም «ማታ» የሚለውን ቃል ሳንዘል እንጽፋለን። «3 ሰዓት ላይ እንገናኝ» የተባለ የውጭ አገር እንግዳ አስጎብኚው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ሲጠብቀው በራሱ ሰዓት አቆጣጠር 3 ሰዓት፣ ማለትም በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ቢመጣ ተራራው ለዚያ ቀን አመለጠው ማለት ነው።

በዓመትም በኩል እንዲሁ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም የነገሡት ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ነው፤ የውጭ መጻሕፍት 1889 ይላሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው። የሚያሳስተው የአንዱን ዓመት ወስዶ በሌላው አቆጣጠር ምልክት መጻፍ ነው፤ እንዲህ ያለውን ስሕተት ከየብሮሹሩ እየለቀምሁ ለዓመታት አርሜያለሁ።

በዓላትን እንዴት ነው የምትይዟቸው?

ለእኔ ከመጽሐፉ ሁሉ የምወደው ክፍል ይህ ነው። ብዙ ሰው በዓል «ይለዋወጣል» ብሎ ስለሚያስብ ይተወዋል። የሚለዋወጠውንና የማይለዋወጠውን ለይቶ ያወቀ ጸሐፊ ግን አንድ ጊዜ ጽፎ ለዘመናት የሚያገለግል ገጽ ያገኛል።

ዝቋላን እንውሰድ። ከቢሾፍቱ በስተደቡብ ብቻውን የቆመ፣ 3,000 ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጥንታዊ እሳተ ገሞራ ነው፤ አናቱ ላይ ሐይቅና የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም አሉ። ዓመታዊው በዓል ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ነው፤ አይንቀሳቀስም። የሚንቀሳቀሰው ፋሲካ ነው፤ ከመጋቢት 26 አይቀድምም፣ ከሚያዝያ 30 አያልፍም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ስለሆነ የሚገባው ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 5 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። እንግዲህ አስቡት፦ ጾሙ እጅግ ዘገየ ቢባል የሚገባው መጋቢት 5 ቀን ነው። የመጋቢቱ የዝቋላ በዓል በየትኛውም ዓመት ከጾም ውጭ አይውልም ማለት ነው። ለመንገደኛው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ተራራው ላይ ሽሮና ቆሎ እንጂ ቅቤ አይፈልግም፤ ስንቁንም ለዚያው ያሰናዳል፤ ብዙዎቹ ምዕመናን እስከ ቀትር በኋላ እህል እንደማይቀምሱ አውቆ በመካከላቸው ተቀምጦ አይበላም። ይህን አንቀጽ አንድ ጊዜ ጻፍነው፤ ማረም አላስፈለገንም።

የእንጦጦ ራጉኤል በዓል መስከረም 1 ቀን ነው። በዚያ ዕለት ጸጥታ ፈልጎ ወደ እንጦጦ የሚወጣ ሰው ሕዝብ ያገኛል፤ ሕዝቡን ፈልጎ የሚወጣ ግን ከዚያ የተሻለ የዓመት መባቻ አያገኝም።

የቦታ ስሞችን በአማርኛ ነው ወይስ በኦሮምኛ የምትጽፉት?

ሰው በሚጠራበት። ቢሾፍቱ ወይም ደብረ ዘይት፣ አዳማ ወይም ናዝሬት ሲባል ሁለቱም በሰው አፍ ላይ ስላሉ፣ ቀድሞ አሁን በሥራ ላይ ያለውን፣ ቀጥሎ የቀድሞውን እናሰፍራለን። የታክሲው ረዳት የሚጣራው አንዱን፣ የአሮጌው ካርታ የያዘው ሌላውን ሊሆን ይችላልና።

በተራሮቹ ግርጌ አብዛኛው ነዋሪ ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው። ስለዚህ በሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ጥቂት ቃላት አስገብተናል፤ ቱሉ ተራራ፣ ቢሻን ውኃ፣ ከራ መንገድ፣ ገለቶማ አመሰግናለሁ። ቢሻን ማለትን የሚያውቅ ሰው ቢሾፍቱ የሚለው ስም ሐይቆቿን እንደሚያስታውስ በራሱ ይደርስበታል። ስም የሰፈረበትን መሬት ይናገራል፤ ሰውን በቋንቋው ሰላም ብሎ መንገድ መጠየቅም ከየትኛውም ካርታ ይበልጥ ያደርሳል።

የተራራው ከፍታ ከመጽሐፍ መጽሐፍ ለምን ይለያያል?

አንዱ የለካው በካርታ፣ ሌላው በእጅ ስልክ፣ ሦስተኛው በአየር ግፊት መለኪያ ነው። ስልክ ከሳተላይት ያገኘው ቁጥር ከባሕር ወለል ጋር ካልተስተካከለ በሜትሮች ይስታል፤ የአየር ግፊት መለኪያም የአየሩ ጠባይ ሲለወጥ አብሮ ይዋዥቃል። ስለዚህ እንጦጦ ወደ 3,200፣ ወጨጫ ከ3,300 በላይ፣ የረር ወደ 3,100 ሜትር እያልን ዙሪያውን እንጽፋለን። ለሚወጣ ሰው የሚጠቅመው የመጨረሻዋ ሜትር ሳትሆን ከተነሣበት እስከሚደርስበት ስንት መቶ ሜትር ሽቅብ እንዳለው ነው። ከቆላ ወይም ከባሕር ጠረፍ ትናንት የገባ እንግዳ ደግሞ አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ መሆኗን አስቦ ሁለት ቀን ቢያርፍ ይበጀዋል።

ስለ ጸጥታ ምን ትጽፋላችሁ?

የዛሬን ጸጥታ በመጽሐፍ መጻፍ አይቻልም፤ «ሰላም ነው» ብሎ ማተምም፣ «አያስኬድም» ብሎ ማተምም ኃላፊነት የጎደለው ሥራ ነው። በአካባቢያችን ወደ አንዳንድ መንገዶች መሄድ የማይመከርባቸው ጊዜያት ነበሩ፤ ያ ጊዜ መቼ እንደሚመጣና መቼ እንደሚያልፍ ማተሚያ ቤት አያውቅም። የምንጽፈው ማንን መጠየቅ እንደሚገባ ነው፦ የቀበሌውን ጽሕፈት ቤት፣ በዚያ መስመር በየቀኑ የሚመላለሰውን ሹፌር፣ የደን ጠባቂውን። ጥያቄውም በሄዱበት ሳምንት መጠየቅ አለበት።

የማይለወጠው ምክር ግን ተጽፏል። ብቻችሁን አትውጡ፤ ሳይመሽ ውረዱ፤ ጅቡ ከመሸ በኋላ መንገዱ የራሱ ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው።

ሁሉም ሰው ስልክ ይዞ የታተመ መጽሐፍ ምን ያደርጋል?

ባትሪ ሲያልቅና መስመር ሲጠፋ ይነበባል፤ ይህ ቀላሉ መልስ ነው። የስልኩ ካርታ መንገዱ የት እንዳለ ያሳያል። ያ መንገድ በነሐሴ የሰው ማሳ መሆኑን ግን አይነግርም፤ መጽሐፉ ይህን ካልነገረ ግን መታተሙም አያስፈልግም።

ለማደስ ስትሄዱ የምትጠይቁት ማንን ነው?

በየቀኑ በእግሩ የሚሄደውን። በእንጦጦ ዳገት ከወገባቸው የጎበጡ ማገዶ ተሸካሚ እናቶች የትኛው አቋራጭ እንደተዘጋ፣ የትኛው ውኃ እንደደረቀ፣ የትኛው ግቢ ውሻ እንደሚለቅ ከማንም ይበልጥ ያውቃሉ። አንድ ቀን ካርታዬን ዘርግቼ ስከራከር አንዲት እናት ሸክማቸውን ድንጋይ ላይ አሳርፈው «ልጄ፣ ያ መንገድ ከታጠረ ሁለተኛ ክረምቱ ነው» አሉኝ። ሄጄ አየሁት፤ እንዳሉት ነው።

በገዳማትና በአድባራት ዙሪያ ቄሰ ገበዙን ሳንጠይቅ አንድም መስመር አንጽፍም። እረኞችን እንጠይቃለን፤ ነገር ግን የእረኛ «ቅርብ ነው» የሚለካው በእረኛ እግር ስለሆነ ርቀቱን ራሳችን እንሄደዋለን። መኪና ይዞ መጥቶ ከበሩ ተመልሶ «ፈተሽሁ» የሚል ሰው እኛ ጋር አይጽፍም።

ሆን ብላችሁ የማትጽፉት ነገር አለ?

አለ። የባሕታውያን መኖሪያ አንጽፍም። ሕሙማን የሚያርፉበትን የጠበል ቦታ እንደ መጎብኛ አናስተዋውቅም፤ ለጠበል የሚሄድ ሰው መንገዱን ያውቀዋል። ጉሬዛው በየትኛው ዛፍ እንደሚያድር፣ የምኒልክ ድኩላ ግልገሏን የት እንደምታሳርፍ አንጽፍም። እንግዳ ተቀብላ ቡና ያፈላችልንን እናት ቤት አንጠቁምም፤ ለእኛ የተደረገው ደግነት በመጽሐፍ ታትሞ ግዴታ እንዲሆንባቸው አንሻም።

በመጽሐፉ ውስጥ ስሕተት ካገኘሁ ምን ላድርግ?

የቆማችሁበትን ቦታ፣ ቀኑንና ያያችሁትን ጻፉልን፤ ግምታችሁን ለብቻው አድርጉት። «መንገዱ ተበላሽቷል» የሚል መልእክት ብዙም አይረዳንም። «ኅዳር 12፣ ከድልድዩ ወደ ላይ ሁለተኛው ጅረት ዘንድ፣ የግራው ዳርቻ ተንዷል፤ በቀኝ በኩል በድንጋዮቹ ላይ ተሻገርን» የሚል ግን በዚያው ሳምንት ሰው ያስልከናል። ልክ ሆኖ ካገኘነው በየዓመቱ በጥር በምናሳትመው ባለ አንድ ቅጠል ማረሚያ ላይ ይወጣል። ማረሚያው ለቀድሞ እትም ገዢዎችም በነጻ ነው፤ ታጥፎ ከኋላው ሽፋን ኪስ ይገባል። ባለፈው ማረሚያ ላይ የመጀመሪያው መስመር የመጣው ያን ዕለት በወጨጫ ጉም ውስጥ ከጠፉት ተማሪዎች ከአንዷ ነበር። አሁን መምህርት ናት፤ ተማሪዎቿን ይዛ በዚያው መንገድ ወጥታ ከምንጩ በላይ ያለው አጥር መነሣቱን ከነቀኑ ጽፋ ላከችልን።